በሳምንት አንድ ገጽ፦ ቍጥርን በሥዕል ስለ መግለጥ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በ12ኛ ክፍል ተማሪዎችና በዳታ ክበብ አባሎች ስም በአዳራሽ የተነበበ ንግግር)



ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን ቀን ለማክበር በተሰበሰብንበት በዚህ አዳራሽ ጥቂት ቃል እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ከሁሉ አስቀድመን ምስጋናችንን እናቀርባለን። በእንደዚህ ያለ ቀን ስለ ትምህርት ጥቅም በጠቅላላው መናገር የተለመደ ነው፤ እኛም እንዲሁ ብናደርግ የሚቀየመን ሰው አይኖርም ነበር። ዳሩ ግን ዛሬ ልንነግራችሁ ያሰብነው ስለ አንዲት ትንሽ ልምምድ ነው። ይህች ልምምድ በየሳምንቱ ዓርብ ከትምህርት በኋላ በኮምፒዩተር ክፍል ተሰብስበን ቍጥሮችን ወደ ግራፍና ወደ ዳሽቦርድ የምንለውጥባት ናት። ያገኘነውን ዕውቀት ብቻ ሳይሆን የሠራነውንም ስሕተት እንነግራችኋለን፤ ከሁሉ ይልቅ ያስተማረን እርሱ ነውና።

ዳሽቦርድ የሚለው ቃል ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊሆን ስለሚችል አስቀድመን ትርጓሜውን እንናገር። ቃሉ የእንግሊዝኛ ነው። በድሮ ጊዜ በፈረስ የሚጐተት ጋሪ ነጂው ፊት ለፊት አንድ ሳንቃ ይቆምለት ነበር፤ ጥቅሙም የፈረሱ ኮቴ የሚረጨውን ጭቃ መከላከል ነበር። የዚያ ሳንቃ ስም ዳሽቦርድ ነው። አውቶሞቢል በተፈጠረ ጊዜ ስሙ ወደ መኪናው ተላለፈና የፍጥነትና የነዳጅ መለኪያ የሚታይበት ሰሌዳ መጠሪያ ሆነ። ዛሬ ደግሞ በኮምፒዩተር ገጽ ላይ አንድን ሥራ ለመምራት የሚያስፈልጉ ዋና ዋና ቍጥሮች ባንድነት በግራፍ የሚታዩበት ገጽ ዳሽቦርድ ይባላል። ሾፌር መንገዱን ትቶ መለኪያ ሲያነብ አይውልም፤ በጨረፍታ አይቶ ነዳጁ ሊያልቅ መሆኑን ይረዳል። ጥሩ ዳሽቦርድም እንደዚሁ ነው። የሆስፒታል ኀላፊ ስንት አልጋ ባዶ እንደ ሆነ፣ የመጋዘን ጠባቂ የትኛው ዕቃ እንደ ጐደለ፣ መምህር የትኛው ተማሪ ወደ ኋላ እንደ ቀረ በአንድ ገጽ ላይ ያይበታል።

ቍጥርን በሥዕል መግለጥ የኮምፒዩተር ዘመን ፈጠራ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ዊልያም ፕሌይፌር የተባለ የስኮትላንድ ተወላጅ በ1786 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ የእንግሊዝን ንግድ በመስመር ግራፍ አሳየ፤ በዚያው መጽሐፍ የዐምድ ግራፍም ሠራ፤ በ1801 ዓ.ም. ደግሞ ክብ የሆነውን ግራፍ አወጣ። (በዚህ ንግግር ውስጥ የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን ልብ እንድትሉልን እንለምናለን።) ፍሎረንስ ናይቲንጌል የተባለችው ታዋቂ አስታማሚም በ1858 ዓ.ም. የክራይሚያን ጦርነት ሙታን በሥዕል አቀረበች። ከሞቱት ወታደሮች ብዙውን እጅ የገደለው የጦር ሜዳ ቍስል ሳይሆን፣ ንጽሕና ቢጠበቅ ኖሮ ሊከላከሉት ይቻል የነበረው በሽታ እንደ ሆነ ሥዕሉ ያሳይ ነበር። የሠንጠረዥ ብዛት የማይገባቸው ሹማምንት ሥዕሉን አይተው እንዲረዱት አስባ ነው ይህን የሠራችው።

ለእኛ ለተማሪዎች ግን ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የሚነካው የ1900 ዓ.ም. ታሪክ ነው። በዚያ ዓመት በፓሪስ ከተማ ታላቅ የዓለም ኤግዚቢሽን ሆኖ ነበር። ጥቍሩ አሜሪካዊ ሊቅ ደብልዩ ኢ ቢ ዱ ቦይስ በአትላንታ ዩኒቨርሲቲ ከነበሩት ተማሪዎቹና ከዚያ ከተመረቁት ጋር ሆኖ 60 ያህል ግራፎችን በእጅ ሥሎ ወደዚያ ላከ። ግራፎቹ የጥቍር አሜሪካውያንን የሕዝብ ብዛት፣ ትምህርት፣ ሥራና ሀብት በቀለምና በመስመር ያሳዩ ነበር። ከባርነት ነጻ ከወጡ ገና 35 ዓመት ያህል የሆናቸው ሰዎች፣ ስለ እነርሱ የሚነገረውን የንቀት ወሬ በቍጥርና በሥዕል መለሱለት። ኮምፒዩተር አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ወረቀት፣ ማስመሪያና ቀለም ነው። እኛም በክበባችን መብራት በጠፋ ቍጥር ይህን እያስታወስን ወደ ባለ ካሬ ደብተራችን እንመለሳለን።

እንግዲህ ወደ ሳምንታዊው ልምምድ እንመለስ። ይህን ልማድ እኛ አልፈጠርነውም። አንዲ ክሪበልና አንዲ ኮትግሪቭ የተባሉ ሁለት ባለሙያዎች በጥር 2016 ዓ.ም. «ሜክኦቨር መንደይ» የተባለ ሥራ ለሕዝብ ክፍት አደረጉ። ትርጕሙ ሰኞን ሰኞን አንድን ነገር አድሶ መሥራት እንደ ማለት ነው። አንድ የታተመ ግራፍ ከነቍጥሩ ይቀርባል፤ የፈለገ ሰው ሁሉ ያንኑ ቍጥር ይዞ የተሻለ አድርጎ ይሠራዋል፤ ከዚያም የሌሎችን ሥራ አይቶ ከራሱ ጋር ያስተያያል። ኋላም ኢቫ መሪ ከክሪበል ጋር ሆና መራችው፤ ሁለቱም በ2018 ዓ.ም. ስለዚሁ ሥራ መጽሐፍ አሳተሙ። በ2017 ዓ.ም. ክሪበልና ኤማ ዋይት «ወርክአውት ዌንስደይ»ን ጀመሩ። በዚህኛው ደግሞ አንድ የተሠራ ዳሽቦርድ ይታያል፤ ተማሪው ግን እንዴት እንደ ተሠራ ሳይነገረው ራሱ መርምሮ አንድ ዓይነት አድርጎ መሥራት አለበት። በ2018 ዓ.ም. የተጀመረው «ታይዲ ትዩዝደይ» ግን ማክሰኞ ማክሰኞ ቍጥሩን ብቻ ይሰጣል፤ ጥያቄውንም መልሱንም የሚፈልገው ተማሪው ነው።

ሦስቱ ልምምዶች ሦስት ልዩ ልዩ ነገር እንደሚያስተምሩ ልብ በሉ። የመጀመሪያው ማረምን፣ ሁለተኛው የእጅ ሙያን፣ ሦስተኛው መጠየቅን ያስተምራል። እኛም በክበባችን ሦስቱን በየተራ እናደርጋለን፤ በአንዱ ዓርብ ከጋዜጣ ወይም ከመማሪያ መጽሐፍ አንድ ግራፍ ወስደን እናርማለን፤ በሚቀጥለው አንድ የተሠራ ገጽ አስመስለን እንሠራለን፤ በሦስተኛው ከራሳችን ኑሮ ቍጥር ሰብስበን እንጠይቃለን።

ኮምፒዩተር የሌለው ሰው ይህን ማድረግ አይችልም የሚል ቢኖር፣ የጆርጂያ ሉፒንና የስቴፋኒ ፖሳቬክን ነገር እንንገረው። አንደኛዋ በኒው ዮርክ፣ ሁለተኛዋ በለንደን የሚኖሩ ሁለት ሠዓሊዎች ናቸው። በየሳምንቱ አንድ ርእስ ይመርጡና ስለ ራሳቸው ቍጥር ይሰበስባሉ፤ ለምሳሌ በመጀመሪያው ሳምንት ስንት ጊዜ ሰዓት እንዳዩ ቈጠሩ። ከዚያም ያን ቍጥር በእጃቸው በፖስት ካርድ ላይ ይሥሉና በፖስታ ይላላካሉ። ይህንም 52 ሳምንት ሙሉ ሳያቋርጡ አደረጉ፤ በ2016 ዓ.ም. በመጽሐፍ ወጣ። ፖስት ካርድና እርሳስ ደግሞ በእኛም አገር አይታጣም።

ለምን በየሳምንቱ? ለምን በዓመት አንድ ጊዜ ትልቅ ሥራ አይሠራም? ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። መልሱ በመጫወቻ ሜዳችን ላይ ይገኛል። የእግር ኳስ ቡድናችን በወሰነ ትምህርት አንድ ጊዜ ብቻ ቢለማመድ ኖሮ ዋንጫውን አናየውም ነበር። ፊደልም ቢሆን በአንድ ቀን አልገባንም፤ ሀሁን ስንቈጥር ስንሳሳት፣ ስንመታም ጭምር፣ ቀስ በቀስ ነው የለየነው። በዓመት አንድ ሥራ ብቻ የሚሠራ ሰው ያ ሥራ ሲበላሽበት ያዝናል፤ አንዳንድ ጊዜም ስሕተቱን ይደብቃል። በየሳምንቱ የሚሠራ ግን የዛሬው ቢበላሽ የሚመጣው ዓርብ ስላለለት ስሕተቱን ለመናገር አያፍርም። እኛ ከዚህ ልማድ ያገኘነው ትልቁ ጥቅም ይኸው ይመስለናል።

አሁን ደግሞ አሠራራችንን በአጭሩ እንግለጥ። የዕለቱ ርእስ ከተነገረ በኋላ ኮምፒዩተር ከመክፈታችን በፊት ሩብ ሰዓት በወረቀት ላይ እንነድፋለን። በገጹ ራስ ላይም ልንመልሰው ያሰብነውን ጥያቄ በአንድ ዐረፍተ ነገር እንጽፋለን፤ ጥያቄ ያልጻፈ ኮምፒዩተር አይነካም። ከዚያ አንድ ሰዓት ብቻ እንሠራለን። በመጨረሻ እያንዳንዱ ሥራ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ሠሪው ዝም ይላል፤ ሌሎቹ ከገጹ የተረዱትን ይናገራሉ። ሠሪው ሊናገር ያሰበው ሌላ፣ እነርሱ የተረዱት ሌላ ከሆነ ሥራው ገና ነው ማለት ነው። ሥራው ይተቻል እንጂ ሠሪው አይሰደብም።

የመጀመሪያው ሳምንት ርእሳችን ተማሪዎች በምን ወደ ትምህርት ቤት እንደሚመጡ የሚጠይቅ ነበር። በእግር፣ በታክሲ፣ በባጃጅ፣ በአውቶቡስ፣ በብስክሌት የሚመጡትን ቈጥረን በክብ ግራፍ ሣልን። ግራፉ ወፍራም ዳቦ መስሎ እንዲታይ አጋደምነው፤ ባገኘነው ቀለም ሁሉ አስጌጥነው፤ እጅግም ደስ አለን። ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ጊዜ ግን «ባጃጅ ይበልጣል ወይስ ታክሲ?» ተብሎ ቢጠየቅ ግማሹ ባጃጅ፣ ግማሹ ታክሲ አለ። በትምህርት ቤታችን ማተሚያ ላይ ሲታተም ደግሞ ቀለሙ ሁሉ አንድ ዓይነት ዐመድማ ሆነ። በማግስቱ ያንኑ ቍጥር በዐምድ ግራፍ፣ ከረጅሙ ወደ አጭሩ ደርድረን ብንሥለው ማንም ሳይከራከር መልሱን አገኘ።

የዚህም ምክንያት ተጠንቶ የታወቀ ነው። ክሊቭላንድና ማክጊል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1984 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት ሰዎች ልዩ ልዩ ግራፎችን እያዩ መጠን እንዲገምቱ አደረጉ። የሰው ዓይን በአንድ መስመር ላይ የተቀመጡ ነጥቦችንና ርዝመትን ሲያስተያይ ብዙ አይሳሳትም፤ የክብ ቍራሽን ማዕዘንና የቦታን ስፋት ሲያስተያይ ግን ይበልጥ ይሳሳታል። እንግዲህ ሠዓሊው በምርጫው አንባቢውን ሊረዳውም ሊያደናግረውም ይችላል ማለት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የራሳችን አገር ቍጥር ያመጣብንን ችግር እንናገር፤ ይህን በውጭ አገር መጻሕፍት አላገኘነውምና። ኮምፒዩተሩ የእኛን ቀን አቈጣጠር አያውቅም። ጥቅምት 30ን 30/2 ብለን ብንጽፍ፣ ፌብርዋሪ 30 ቀን ስለሌለው ቀን ነው ብሎ አይቀበለንም። የካቲት 30ን 30/6 ብለን ብንጽፍ ደግሞ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ጁን 30 ነው ብሎ ይቀበለዋል፤ ይህኛው ከፊተኛው የከፋ ነው፤ የሚጮኽ ስሕተት ይታረማል፣ ዝም ያለው ግን ገብቶ ይቀመጣልና። ጳጉሜንን እንደ 13ኛ ወር ቢጽፉለት ፈጽሞ አይገባውም። ሰዓታችንም እንደዚሁ ነው። የበሩ ዘበኛ አንድ ተማሪ ከጧቱ 2፡10 እንደ ገባ ቢጽፉ፣ ኮምፒዩተሩ ልጁ ከእኩለ ሌሊት በኋላ በሁለት ሰዓት እንደ መጣ አድርጎ ይቈጥረዋል።

ፊደላችንም የራሱ ጣጣ አለው። ኃይሌን አንዱ በኃ፣ ሌላው በሀ፣ ሦስተኛው በኀ ይጽፈዋል፤ ፀሐይንም አንዱ በፀ ሌላው በጸ ይጀምረዋል። ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለኮምፒዩተር ግን ሁለትና ሦስት ሰዎች ናቸው። በዚህ ምክንያት ከሥራ ጊዜያችን የሚበልጠው ግራፍ በመሣል ሳይሆን ቍጥርን በማጽዳት ያልፋል። መፍትሔውን በልምድ አገኘነው፤ በስም ፈንታ የተማሪውን መለያ ቍጥር እንወስዳለን፤ ሰዓቱ ላይ 6 እንደምራለን፤ የኢትዮጵያን ቀን እንደ ጽሑፍ አስቀምጠን አጠገቡ የአውሮፓውን ቀንና የሳምንቱን ዕለት እንጽፋለን። ይህን አሠራር ግን ያገኘነው ዘግይተን ነው። የመዘግየታችንንም ዋጋ ሌሎች ከፈሉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ወሰነ ትምህርት በሰዓቱ ስለ መግባት አንድ ዳሽቦርድ ሠርተን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንድንለጥፍ አሰብን። የ10ኛ ክፍልን አራት ምድቦች መዝገብ ተቀበልን። በሰዓቱ የገቡት ከመቶ ሲሰላ ሀ 96፣ ለ 94፣ ሐ 90፣ መ 93 ሆነ። ቀኖቹን ኮምፒዩተሩ አልቀበል ስላለን «ቀኑ ይቅር፣ ድምሩ ይበቃል» ብለን ተውናቸው። በአራት ዐምድ ሣልነው፤ ዝቅተኛውንም እንዲታይ ብለን በቀይ ቀባነው። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው የአባቶች ተረት በእኛ ሊፈጸም እንደ ሆነ አላወቅንም።

ሰኞ ጧት ተለጠፈ። በሥዕሉ ላይ የሀ ምድብ ዐምድ ከሐ ምድብ ዐምድ ሦስት ጊዜ ይረዝም ነበር። እስከ እረፍት ሰዓት ድረስ ሐ ምድብ «እንቅልፋሞቹ» የሚል ስም ወጣለት። ማክሰኞ አንድ ተማሪ በሰልፍ ላይ እያዛጋ አሳቀባቸው። እሮብ ዕለት ከዚያ ምድብ ሁለት ልጆች በክፍል ውስጥ ተጣሉ። እኛ ግን ሥራችን ብዙ ተመልካች ስላገኘ ደስ ብሎን ነበር፤ ይህን መናገር ዛሬም ያሳፍረናል።

ዓርብ ከትምህርት በኋላ አንዲት የሐ ምድብ ተማሪ ባለ ካሬ ደብተርዋን ይዛ ወደ ኮምፒዩተር ክፍል መጣች። ለጠብ የመጣች መስሎን ነበር፤ እርስዋ ግን በጸጥታ ቆማ፣

«እስቲ ይህ ቋሚ መስመር ከስንት ነው የሚጀምረው?» ብላ ጠየቀችን።

እርስ በርሳችን ተያየን። ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም። ገጹን ከፍተን ብናይ ከ87 ይጀምራል። እኛ አላዘዝነውም፤ ቍጥሮቹ እርስ በርሳቸው ሲቀራረቡ ፕሮግራሙ ራሱ ከዜሮ በላይ ያለ መነሻ ይመርጣል፣ እኛም ዝም ብለን ተቀብለነዋል። ከ87 ሲጀመር 96 ዘጠኝ እርምጃ፣ 90 ሦስት እርምጃ ይሆናል፤ ሦስት ጊዜ የሚረዝመውም ስለዚህ ነው። ልጅቱ በደብተርዋ ላይ ከዜሮ ጀምራ ስላው ነበር። በእርስዋ ሥዕል ላይ አራቱ ዐምዶች እንደ አራት ወንድማማች ቁመታቸው ተቀራርቦ ይታያል፤ ልዩነቱ አለ፣ ግን ትንሽ ነው። ቍጥሩን አልሰረቅንም፤ አንድም አኃዝ አልለወጥንም፤ ነገር ግን ያየው ሁሉ የተሳሳተ ነገር ይዞ ሄደ።

ቀጥላ ሁለተኛ ጥያቄ ጠየቀችን፤ «በየትኛው ቀን ነው የዘገየነው?» አለች። ይህን መመለስ አልቻልንም፤ ቀኑን ትተነው ነበርና። በዚያ ምሽትና በሚቀጥለው ዓርብ አብራን ተቀምጣ መዝገቡን አንድ በአንድ በእጃችን ወደ ሳምንቱ ዕለታት መለስነው። መዘግየቱ በአምስቱ ቀን ተበትኖ ሳይሆን ባብዛኛው በሁለቱ የገበያ ቀኖች ተከምሮ ተገኘ። በገበያ ቀን ከወንዙ ማዶ የሚመጡት ታክሲዎች ገና ሲነጋ በገበያተኛና በዕቃ ይሞላሉ፤ ተማሪ የሚሳፈርበት ቦታ አይገኝም። ከወንዙ ማዶ የሚመጡት ደግሞ ከሌሎቹ ምድቦች ይልቅ በሐ ምድብ ብዙ ናቸው፤ ዘግይተው ስለ ተመዘገቡ ቦታ በነበረበት ምድብ ባንድነት ተመደቡ። እነዚህ ልጆች አንዳንዶቹ በገበያ ቀን ከእኛ አንድ ሰዓት ቀድመው ከእንቅልፋቸው የሚነሡ ናቸው። እኛ ግን «እንቅልፋሞች» አሰኘናቸው።

ሰኞ በሰልፍ ላይ የክበባችን አባሎች ወጥተን ሥዕሉ እንዳሳሳተ ተናገርን፤ ሐ ምድብንም ይቅርታ ጠየቅን። የቀድሞውን ወረቀት አንሥተን አዲሱን፣ ከዜሮ የሚጀምረውንና ዕለታቱን የሚያሳየውን ለጠፍን። አዲሱን ለማየት የቆሙት ከቀድሞው ያነሱ ነበሩ፤ የወጣ ስም እንደ ወረቀት በቀላሉ እንደማይነሣም አየን። ሆኖም መምህራኖቻችን አዲሱን ገጽ አይተው በገበያ ቀን በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ፈተና እንዳይሰጥ ወሰኑ። ታክሲው ዛሬም ይሞላል፤ ፈተና የሚያመልጠው ልጅ ግን ቀርቷል። በክበባችን ከተሠሩት ገጾች ሁሉ ለሰው ጥቅም የሰጠው ይህ ነው፤ እርሱም የተሠራው ሌላውን ለማረም ነው።

ከዚያ ወዲህ በግድግዳ ላይ ለሚለጠፍ ሥራ ሁሉ ሦስት ጥያቄ እንጠይቃለን። መጀመሪያ፣ መስመሩ ከስንት ይጀምራል? በዐምድ ግራፍ ርዝመቱ ራሱ ቍጥሩ ስለ ሆነ ከዜሮ መጀመር አለበት፤ በመስመር ግራፍ እንደ ነገሩ ሁኔታ ሌላ መነሻ ሊኖር ይችላል፣ ነገር ግን በግልጥ መጻፍ አለበት። ሁለተኛ፣ ድምሩ ምን ሸሸገ? ፍራንሲስ አንስኮም የተባለ የስታቲስቲክስ ሊቅ በ1973 ዓ.ም. እያንዳንዳቸው 11 ነጥብ ያላቸው አራት የቍጥር ስብስቦችን አሳይቶ ነበር። መካከለኛ ዋጋቸውና የሌላውም ስሌታቸው አንድ ዓይነት ይመስላል፤ በግራፍ ሲሣሉ ግን አንዱ ሌላውን ፈጽሞ አይመስልም። ድምርና መካከለኛ ብቻ አይቶ የሚፈርድ ሰው እንግዲህ እንደ እኛ ይሳሳታል። ሦስተኛው ጥያቄ፣ በዚህ ገጽ ላይ ያለው ሰው ገጹን ቢያየው ምን ይላል? የሚል ነው። የሚቻል ሲሆን ከመለጠፋችን በፊት ለእርሱ እናሳየዋለን።

ወላጆቻችን ሆይ! እናንተም በየቀኑ በቴሌቪዥን፣ በስልክ፣ በጋዜጣ ግራፍ ታያላችሁ። የዋጋ ነው፣ የጤና ነው፣ የምርጫ ነው። ባማረ ቀለም ስለ ቀረበ ብቻ እውነት ነው አትበሉ፤ ግራፍ ስለ ሆነ ብቻም ውሸት ነው አትበሉ። እንደዚያች ልጅ መስመሩ ከስንት እንደሚጀምር ጠይቁ። ይህን ለመጠየቅ ኮምፒዩተር መማር አያስፈልግም።

የተከበራችሁ መምህራኖቻችን ሆይ! አንድ ልመና አለን። የመዝገብ ደብተሮቻችን ላይ የሳምንቱ ዕለት የሚጻፍበት አንድ ዐምድ ቢጨመር፣ ከእኛ በኋላ ለሚመጡት ብዙ ድካም ይቀርላቸዋል፤ አንዳንድ ልጅም ያለ ጥፋቱ ከመወቀስ ይድናል።

ታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ! እኛ በዚህ ዓመት ተፈትነን እንሄዳለን። ዓርብ ግን ይቀራል፤ ኮምፒዩተር ክፍሉና ባለ ካሬው ደብተርም ይቀራሉ። ክበቡን በሚመጣው ዓመት እንድትመራ አባሎቹ የመረጡዋት ያችው የደብተርዋን ሥዕል ይዛ የመጣችው ተማሪ ናት። ወደ እርስዋ ሂዱ። የመጀመሪያ ሥራችሁ እንደ እኛ ዳቦ የመሰለ ክብ ግራፍ ቢሆን አትፈሩ፤ ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል ይባላልና። በሳምንት አንድ ገጽ ብቻ ሥሩ፤ ለሌላው አሳዩ፤ ሲያርሟችሁ አድምጡ፤ በሚመጣው ዓርብ ደግሞ እንደ ገና ጀምሩ።

በመጨረሻም የቀድሞ ተማሪዎች የሠሩልንን ይህን ቤት፣ ያስተማሩንን መምህራን፣ ከወንዙ ማዶም ከወዲህም በየጧቱ የሚልኩንን ወላጆች እያመሰገንን፣ ትምህርት ቤታችን ከዚህም ለበለጡ የምሥረታ በዓላት እንዲደርስ ከልብ እንመኛለን።